ኤሊዋ በካውያ ቤት

የሰፈሩ ሰው ጋሼ ካውያ ይላቸዋል፤ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሸሚዝ ሲተኩሱ የኖሩ የላውንደሪ ባለቤት ናቸው። በዓለም ላይ እንደ እርጥበት የሚጠሉት ነገር የለም። እርጥብ ልብስ ይሸታል፣ ይሻግታል፣ የሰው ስም ያጠፋል ባይ ናቸው። እንግዲህ እኚህን ሰው ነው የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ኤሊ ጠብቅልኝ ያለቻቸው!

ኤሊዋ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ ጨቅላ ናት። ቤቷን ተሸክማ ስለምትዞር ልጅቷ «ሻንጣ» ብላታለች። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ለሦስት ሳምንት አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ስትል፣ እናት «አባባ እኮ አበባ እንኳ ያደርቃል፣ ለጎረቤት ስጪያት» ብላ ነበር። ልጅቷ እንቢ አለች። «አባባ ይጠብቅልኛል» አለች፣ በቃ። ይቺ ቃል ለጋሼ ካውያ ከሹመት በለጠችባቸው።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ኤሊ ሙቀት ይወዳል ሲባል ሰምተዋልና ሻንጣን ከነካርቶኗ ከልብስ ማድረቂያው ማሽን አጠገብ አስቀመጧት። ሰላጣዋን ያጥባሉ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠብታ እስከማይቀር ያደራርቁታል፤ መተኮስ ብቻ ነው የቀራቸው። የውሃ ሰሃኗንም ካርቶኑን ያበሰብሳል ብለው አነሱት። «ኤሊ ውሃዋን ከቅጠል ታገኛለች» ያላቸው አንድ ደንበኛ ነበር። አይ ሰው! ደግ የሠሩ መስሏቸው እኮ ነው።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሻንጣ ሰላጣዋን ዞር ብላም አላየችው። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ጎድጉደዋል፣ አንገቷ ተጨማዷል። ጋሼ ካውያ ቆዳዋን በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ቆንጠጥ ቢያደርጉት እጥፋቱ እንደቆመ ቀረ። ከእጥፋት ጋር ያረጁ ሰው ናቸውና ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ገባቸው። ከሥሯ ደግሞ የደረቀ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር አለ። ሲያነሷት ባዶ ቅርፊት የያዙ ያህል ቀለለቻቸው።

«ወይኔ! ልጅቷን በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አሉ ብቻቸውን ጮክ ብለው። ውሃ በማንኪያ አፏ ውስጥ ሊያንቆረቁሩ ቃጣቸው፤ አፏን አልከፍት ብትላቸው ማንኪያውን ጥለው፣ ሱቁን ዘግተው፣ ሻንጣን ከነካርቶኗ ይዘው፣ ደንበኛ ከኋላ እየጠራቸው ወደ ሰፈሩ የእንስሳት ሐኪም ሮጡ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የሻንጣን አፍ ከፈት አድርጋ አየች፣ መዘነቻት።

«አባቴ፣ ሰውነቷ ውሃ አልቆበታል» አለች። «ይሄ ነጩ ሽንቷ ነው፤ ውሃ ሲያጣ እንዲህ ይጠጥራል።»

«ሰላጣውን በጨርቅ አድርቄ ነበር የምሰጣት» አሉ ጋሼ ካውያ፣ ያልተጠየቁትን።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ከእንግዲህ ከነውሃው ይስጧት። በማንኪያ ግን አላጠጧትም አይደል?»

«ልሞክር ነበር።»

«እንኳን ተዉት፤ ሳንባዋ ይገባ ነበር።»

በዝርግ ሳህን ለብ ያለ ውሃ ቀድታ፣ ከአገጯ በታች ብቻ እንዲደርስ አድርጋ ሻንጣን አስገባቻት። በቀን ሁለቴ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ ከአጠገቧ ሳይለዩ እንዲህ ያድርጉ፤ ነገ ካልተሻላት በመርፌ ፈሳሽ እሰጣታለሁ አለች። «ልጄ፣ ትድናለች?» ቢሏት «ዛሬ ምንም ማለት አልችልም» ብላ እውነቱን ነገረቻቸው።

ያን ቀን ሱቁ ተዘግቶ ዋለ። ጋሼ ካውያ ሳህኑ አጠገብ ተቀምጠው፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ እየቀየሩ፣ «በይ እንጂ የኔ እናት፣ በይ» ይላሉ። ሻንጣ አልሰማ አለች። በማግሥቱ ጠዋት ግን አንገቷን አስረዝማ አፏን ነከረች፤ ጉሮሮዋ ብቅ ጥልቅ፣ ብቅ ጥልቅ አለ። ጠጣች! ሽማግሌው እንባቸውን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉ፣ የተተኮሰ ነው ሳይሉ።

ሐኪሟም ያን ዕለት አይታ «ተርፋለች» አለቻቸው። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ግን ያመነቻቸውን ልጅ እንዴት አድርገው ይዋሹ? ደወሉና አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት።

 

«ዓይኗ ገብቶ ነበር?» አለች ልጅቷ።

«ገብቶ ነበር።»

«አፏስ ደርቆ ነበር?»

«አዎ የኔ ልጅ። እኔው ነኝ ያደረቅኋት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አባባ፣ አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«አንተም እኮ ቀኑን ሙሉ እዚያው ማሽን ሥር ነህ። ላንተ ማነው ውሃ የሚሰጥህ?»

ጋሼ ካውያ ከንፈራቸውን በምላሳቸው ቢዳስሱት ስንጥቅጥቅ ብሏል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«ብርጭቆ አምጣ» አለች ልጅቷ። «እስክትጨርስ ስልኩን አልዘጋም።»

አመጡ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ እስከ ጠብታው ጨለጡት።

«ድገም» አለች።

ደገሙ።