አስራ ስድስት እርምጃ

ቨርና ስቲልትነር መንገድ መሻገር ካቆመች አምስት ወር ሆናት። ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቀን አራት አምስቴ ስትመላለስበት የኖረች ሴት፣ አሁን የዋናው ጎዳና ጠርዝ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። መንገዱ ያው መንገድ ነው። አስፋልቱ መሃል የተቀበሩት የነሐስ ምልክቶች ደቡቡን ለቴነሲ ግዛት፣ ሰሜኑን ለቨርጂኒያ ግዛት ይከፍሉታል፤ የከተማው ሰው ግን ርችቱን ከደቡብ፣ አስቤዛውን ከሰሜን እየገዛ፣ ድንበሩን ልብ ሳይለው ረግጦት ነው የሚያልፈው። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አስራ ስድስት እርምጃ ነው። ቨርና ድሮ ቆጥራው አታውቅም ነበር።

ሥራዋ በደቡቡ ወገን የአደጋ ጊዜ ስልክ መቀበል ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታበታለች። እዚያ ከተማ ውስጥ የስልክ ተቀባይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደሆንክ ሳይሆን በየትኛው ወገን እንዳለህ ነው። የቆምክበት ጠርዝ አምቡላንሱን ይወስናል፣ አምቡላንሱም ሆስፒታሉን። በልብ ድካም የወደቀ ሽማግሌ በየትኛውም በኩል ቢታከም ልዩነት ስላልነበረው፣ ይህን ጥያቄ ክፉ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

ኋላ ዋሽንግተን ያለው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የውርጃን ነገር እያንዳንዱ ግዛት ለራሱ ይወስን አለ። በሰሜን እንደ ቀድሞው ተፈቅዶ ቀጠለ፤ በደቡብ ሐኪም የሚታሰርበት ወንጀል ሆነ። ቨርና ደስ አላት። መደበቅ አያስፈልግም፣ ከልቧ ደስ አላት። ባሏ ዌልደን፣ ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች የእኛን ከተማ ካርታ ላይ ፈልገው አያገኟትም፣ ስለኛ ምን አገባቸው ሲል፣ እሷም ቤተ ክርስቲያን ለሴቶቹ ይህንኑ ትደግም ነበር። ጡረተኛዋ አስተማሪ አይሪስ ብቻ አልተዋጠላትም። "ታዲያ መንገድ ስሻገር ሰውነቴ ይለወጣል እንዴ? ሕግ ከሆነ ላገሩ ሁሉ አንድ ይሁን" አለች። ተሳሳቁባት። ከሁሉም አስበልጣ የሳቀችው ቨርና ነበረች።

ቴሳ ሬሚ የደወለችው በጥቅምት፣ ልክ በእኩለ ቀን ነው። የአራት ወር እርጉዝ ነበረች። ከሁለት ቀን በፊት የሽርት ውኃዋ ፈስሶ የደቡቡ ሆስፒታል ሄዳ፣ ሐኪሞቹ ልጁ አይተርፍም ግን ልቡ ገና ይመታል፣ ስለዚህ በሕጉ ምክንያት እጃችንን ማስገባት አንችልም ብለው ወደ ቤት መልሰዋታል። አሁን ትኩሳቱ አንቀጥቅጧት ዋናው ጎዳና ጠርዝ ላይ ባለው ጫማ መሸጫ ደጃፍ ተቀምጣለች።

ቨርና በየትኛው ወገን እንዳለች ጠየቀቻት።

"በቴነሲ ነኝ። ብሻገርስ?"

"ካለሽበት እንዳትነቃነቂ፣ የኔ ማር። እየመጡልሽ ነው።"

አልተነቃነቀችም። አምቡላንሱ በስድስት ደቂቃ ደረሰ፣ ወደዚያው ሆስፒታል ወሰዳት፣ ሐኪሞቹም ከጠበቆቻቸው መልስ ሲጠባበቁ ኢንፌክሽኑ ደሟን መረዘው። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር።

አለቆቿ የተቀዳውን ድምፅ ሰምተው፣ ቨርና በመመሪያው ካርድ ላይ ያለውን አንድም ሳታጎድል ብላለች ብለው አመሰገኗት። ቨርናን የገደላት ይኸው ምስጋና ነው። ከዚያ ወዲያ የልጅቷ ድምፅ አልለቃት አለ። ምድጃው ጋ ስትቆም፣ ባንክ ተሰልፋ፣ መዝሙር መሃል፣ ቀስ ብሎ "ብሻገርስ?" ይላታል። ዌልደን የሚሰማ መስሏት ቀና ብላ ታየዋለች፤ እሱ ጋዜጣውን ያነባል። ሥራውን ተወችው። በየቀኑ በእኩለ ቀን ግን እግሯ ጫማ መሸጫው ደጃፍ ያደርሳታል።

በመጋቢት እዚያው ቆማ ሳለ አንዲት ሴት አጠገቧ መጣች። የቴሳ እናት ሮንዳ ነበረች። ቨርና በጋዜጣ ላይ አይታት ስለነበር ወዲያው አወቀቻት፣ ደንግጣም ልትሄድ ዞረች።

"ወይዘሮ ስቲልትነር፣ አልቆጣሽም" አለች ሮንዳ። "አለቆችሽ የተቀዳውን ድምፅ አይሰጡኝም። ስልኳን ያነሳሽው አንቺ ነሽ። ምን አለች?"

ዌልደን በዚህ ነገር እንዳትናገር አስምሏታል። አለቆቿም ጠበቃ ሳይኖር ቃል እንዳይወጣሽ ብለዋታል። ቨርና ጎዳናውን አየችው። መኪና እንኳ አልነበረበትም።

"ልሻገር ወይ ብላ ጠየቀችኝ" አለች። "እንዳትነቃነቂ አልኳት።"

"እንደዚያ ነው የምትሉት፣ ለሁሉም?"

"ለሁሉም። ግን እኔ ገብቶኝ ነበር፣ ሮንዳ። ለምን እንደጠየቀችኝ ገብቶኛል። ካርዱን አንብቤ ተደበቅሁበት።"

ቨርና ጥፊ ጠበቀች፤ እንዲያውም ፈለገችው። ሮንዳ ግን ጎንበስ ብላ ልጇ ተቀምጣበት የነበረውን የሱቁን ደረጃ በእጇ ነካችው።

"ያቺ ልጅ እንዴት እልኸኛ መሰለሽ" አለች። "ኮት ልበሺ ስላት ታወልቃለች። አታግቢው ስላት አገባችው። በሕይወቷ አንድ ቀን የኔን ቃል ሰምታ አታውቅም።" ቀና ብላ ቨርናን አየቻት። "አንቺን ሰማችሽ።"

ሮንዳ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አጠለቀችና ግራና ቀኝ ሳታይ ወደ ሰሜን ተሻገረች። ቨርና ሳታስበው እርምጃዋን ቆጠረችላት። አስራ ስድስት ላይ ስትደርስ መቁጠሩን አቆመች፤ እሷ ራሷ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም።