ትኩሳት የያዘው ላፕቶፕ

ታጥቤ ወጥቼ የወንበሩን ሥዕል ስከፍት የላፕቶፑ ማራገቢያ ወዲያው አጓራ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የሙቀት ቁጥር ሰማንያ ስምንት ይላል፤ ገና ምንም አልሠራሁም። ቁጥሩ መቶ አካባቢ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ይዘገያል። ከዚያ ካለፈ ላፕቶፑ ድርግም ይላል።

እኔ የምኖረው ኢሎይሎ ከተማ ነው፣ የምሠራላቸው የቤት ዕቃ አምራቿ ማዳም ሊሊቤት ደግሞ ሴቡ ከተማ ናቸው። የሳልኩትን፣ ራታን ከሚባል ሐረግ የሚሸመን ወንበር በቪዲዮ ጥሪ ስክሪን ላይ እያዞርኩ ላሳያቸው ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወንበሩ ግማሽ ዙር እንኳ ሳይዞር ላፕቶፑ ፊታቸው ጠፍቷል። ዛሬም ከጠፋ ሥራውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡት ነግረውኛል።

ጠጋኙ ጋ ትናንት አመሻሽ ላይ ወስጄው ነበር። አቧራውን አራገፈ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ቅባት ቀየረ፣ ከዚያ የእኔኑ ወንበር እያዞረ አሳየኝ። ከስልሳ አምስት ዲግሪ አላለፈም።

"ቤትሽን አይወደውም" ብሎ ቀለደብኝ።

ያሳደጉኝ አክስቴ፣ ቲያ ኢሉሚናዳ፣ ጩኸቱን ሰምተው ከኩሽና ብቅ አሉ። ላፕቶፑን እንደ ልጅ ግንባር በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ኢንዳይ፣ ይኼ ልጅ እየነደደ ነው" አሉኝ፣ በልጅነቴ የቁልምጫ ስም እየጠሩ።

"አውቃለሁ፣ ቲያ።"

የቤቱን ቬንትሌተር ጎትቼ ወደ ላፕቶፑ አዞርኩት። እሳቸው መልሰው ወደ ግድግዳው አዞሩት።

"እንዴ! በጋለ ነገር ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ? የፓስማ በሽታ እንዲይዘው ነው? የጎረቤታችን የካስቶር እጅ ለምን የሚንቀጠቀጥ መሰለሽ? ልብስ ሲተኩስ ውሎ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ እኮ ነው!"

"ካስቶርን የሚያንቀጠቅጠው መጠጥ ነው፣ ቲያ።"

"መጠጡን የጀመረው ከፓስማው በኋላ ነው።"

ቁጥሩ ዘጠና ሦስት ሆነ። እንባዬ መጣ።

"እባክዎ ይተዉኝ። ዛሬ ከጠፋብኝ ሥራ የለኝም።"

ፊታቸው ተለወጠ። "እኔስ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩ መሰለሽ? በጋው ከገባ ጀምሮ እያስታመምኩት ነው።"

"ምን እያደረጉ?"

"ለአንቺ አደርግልሽ የነበረውን ነዋ። ጠዋት ስትታጠቢ አስገባለታለሁ፣ አመሻሽ ላይ አውጥቼ አጥበዋለሁ።"

የላፕቶፑን ጠርዝ ቀስ ብዬ አነሳሁ። ከሥሩ፣ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ፣ በአራት የታጠፈ ነጭ የፊት ፎጣ ተኝቷል። ተማሪ ሳለሁ ላቤ ጀርባዬ ላይ እንዳይደርቅ ከሸሚዜ ሥር ይከቱልኝ የነበረው ዓይነት ነው። ማራገቢያው አየር የሚስብባቸውን ቀዳዳዎች አንድ ሳያስቀር ደፍኗቸዋል።

"ላቡን እንዲመጥለት ብዬ ነው" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ቲያ፣ እሱ የሚተነፍሰው በሆዱ ነው።"

"በሆዱ?" እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ውይ ልጄን! ይኼን ሁሉ ጊዜ አፍኜው ኖሯል?"

ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሳቸውንም አሳቅኋቸው። ፎጣውን ስስበው እንደ ዳቦ ይሞቅ ነበር። ማራገቢያው ጥቂት ካጓራ በኋላ እየረገበ ሄደ፤ ሰማንያ፣ ሰባ አንድ፣ ስልሳ ሁለት። ከዚያ ድምፁ ጨርሶ ጠፋ።

ማዳም ሊሊቤት ስክሪኑ ላይ ሲመጡ ወንበሩን አዞርኩት። ሙሉ ዙር ዞረ። ደገምኩት፤ አሁንም ዞረ።

"ምንድን ነው የሚጮኸው?" አሉ ድንገት።

ደንግጬ ቁጥሩን አየሁ። ስልሳ አራት ነው። ከዚያ እኔም ሰማሁት።

"የጎረቤት አውራ ዶሮ ነው፣ ማዳም።"

"የውጊያ ነው?"

"ለውጊያ ነበር የተገዛው። አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም።"

ከት ብለው ሳቁ። "በይ ሽመናውን አቅርበሽ አሳዪኝ። ከዚያ ስለ አልጋው እንነጋገራለን።"

አልጋ የሚባል ሥራ መኖሩን ገና መስማቴ ነበር።