የዋንዛው ሣጥን

ባሌ ሰውመሆን የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ መካኒክ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ጊታር ሠሪ ይሆናል። ማንም አላዘዘው፣ ለማንም አይሸጥ፤ ደስ ስለሚለው ብቻ ነው የሚሠራው። የወረታ ወንድ ከሥራ በኋላ ከረንቡላ ይጫወታል፤ የእኔው ደግሞ ስልኩን ግድግዳ አስደግፎ የፈረንጅ ጊታር ሠሪ እያየ ሳንቃ ይልጋል። ልብስ በማጥብበት ገንዳ እንጨት ዘፍዝፎብኛል። ስስ ጣውላ በጋለ የብረት ቱቦ ላይ አጎብጣለሁ እያለ ቤቱን በጭስ አጥኖብኛል። የመጀመሪያው ጊታር ሆዱ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው አንገቱ ጠመመ። ሦስተኛው ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ አማረ።

ሦስተኛው የተሠራው ከአባቴ ዋንዛ ነው። አባቴ አቶ መንግሥቴ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናቸው። ዋንዛውን የተከሉት እናቴን ባገቡ ዓመት ነበር። ሲጠነክር ወይፈን የሚያስሩበት የብረት ቀለበት ግንዱ ላይ መቱበት፤ ዛፉም እየወፈረ ሄዶ ቀለበቱን ዋጠው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባጥለቀለቀበት ክረምት ዛፉ ወደቀ። ባመቱ እናቴ አረፈች፤ ሣጥኗም ከዚያው ዋንዛ ተሠራ። የተረፈውን ሳንቃ አባቴ ከጎተራው ሥር አጋድመው አስቀመጡት።

ሰውመሆን ሳንቃውን ያገኘው ለመስቀል እሳቸው ዘንድ ሄደን ሳለ ነው። "አባባ፣ ከዚያች ሳንቃ ሣጥን ልሥራ?" አላቸው። በእሱ አፍ ሣጥን ማለት የጊታር ሆድ ነው፤ "ሣጥኑ ካላማረ ድምፁ አያምርም" ሲል እስኪሰለቸኝ ሰምቼዋለሁ። አባቴ "አንተው በእጅህ?" አሉት። "በእጄ" አላቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ግንባሩን ስመው መረቁት። እኔ ጓዳ ስለነበርኩ ይህን አላየሁም። ስንመለስ መንገድ ላይ ሁሉን ነገረኝና፣ "አባትሽ ሙዚቃ እንዲህ የሚያስለቅሳቸው ሰው መሆናቸውን አላውቅም ነበር" አለኝ። እኔም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በስልክ ባገኙት ቁጥር "ሣጥኔ እንዴት ሆነ?" ይሉታል።

"እየደረሰ ነው አባባ።"

"አትቸኩል ልጀ፤ እኔም አልቸኮልሁም።"

እኔ ሞኟ ይህን እየሰማሁ በአማትና በአማች ፍቅር እገረም ነበር።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለእኔ ደወሉ። "ገበያ እወጣለሁ። በዚያው ሣጥኔን አየዋለሁ፤ ቫርኒሽ እየቀባሁት ነው ብሎኛል።"

"ይምጡ አባየ።"

"እለካበታለሁም። የናትሽ እግሯ ላይ ጠቦ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል። እኔ ደግሞ ረዥም ነኝ።"

ምን ብዬ ስልኩን እንደዘጋሁት አላስታውስም። ወደ ኋለኛው ክፍል ሄድኩ። ሰውመሆን ጊታሩን ከጣሪያው ማገር በሽቦ አንጠልጥሎ የመጨረሻውን ቫርኒሽ እየቀባ ነው። የመኪና መንገዱ አቧራ እንዳይገባ በሩ ላይ ላስቲክ ጋርዷል።

"ዝጊው! አቧራ!"

"ለአባየ ምን እሠራለሁ ብለህ ነው ሳንቃውን የወሰድከው?"

"ሣጥን።"

"እሳቸው የገባቸው የምን ሣጥን ነው?"

አየኝ። ጊታሩን አየ። ደግሞ እኔን አየኝ። ብሩሹ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

"እግዚኦ" አለ። "ይረግሙኛል።"

እኔን ያስፈራኝ እርግማኑ አልነበረም። አባቴ የፈለጉት ከእናቴ ጋር በአንድ እንጨት መተኛት ነው። ያ እንጨት ደግሞ እንደ ቂጣ ሳስቶ፣ ጎብጦ፣ በኮላ ተጣብቆ ፊቴ ተንጠልጥሏል። ከእንግዲህ ማንም ሳንቃ ሊያደርገው አይችልም።

ሰውመሆን ሮጦ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ ከጎረቤታችን ከአናጢው መሐመድዘይን የተዋሰውን የዋንዛ ሳንቃ ተሸክሟል። ሳሎን ግድግዳ ላይ አስደገፈው።

"ገና ነው፣ አልጀመርኩትም እላቸዋለሁ።"

"ቫርኒሽ እየቀባሁ ነው ብለሃቸው የለም?"

"የሌላ ሰው ነው እላለሁ። በኋላ ከዚህ አሳምሬ እሠራላቸዋለሁ። አንቺ ብቻ ዝም በይ።"

"እሺ፣ ይሄንንስ የት ትደብቀዋለህ? በብርድ ልብስ ልጠቅልለው?"

"እንዳትነኪው! ቫርኒሹ ይበላሻል!"

ጥርሱን ባወልቀው ደስ ባለኝ። ነገር ግን የባጃጅ ድምፅ ደጃችን ቆመ። የኋለኛውን ክፍል በር ዘጋሁና ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ።

አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። ቅቤ በቅል ይዘው ነው የመጡት። "ለእጅህ ነው" ብለው ለሰውመሆን ሰጡት። እሱም ሳያያቸው ተቀበለ።

"የታለ?"

"ይኸው ሳንቃው አባባ… ገና ነው… የወፍጮው ሥራ በዝቶብኝ…"

አባቴ ቀረብ ብለው ሳንቃውን በመዳፋቸው አበሱት። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። መልሰው ገለበጡት። ሰውመሆን ቅሉን እንዳቀፈ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

"ጥቁሩስ?"

"ምን ጥቁር አባባ?"

"የቀለበቱን ዝገት የጠጣው። እንጨቴ ወገቡ ላይ ጥቁር ነበረው። ይህ የኔ አይደለም።" ከዚያ እሱን ተዉትና ወደ እኔ ዞሩ። "አንች ማስተዋል፣ እንጨቴ የት ነው?"

ባሌ በዓይኑ ለመነኝ። ወደድኩትም ጠላሁትም፣ አባቴን ፊት ለፊት እያየሁ የምዋሽበት አንጀት የለኝም። ከበሩ ዘወር ብዬ ከፈትኩት።

ጊታሩ ጀርባውን ሰጥቶ ተንጠልጥሏል። ጥቁሩ ምልክት መሀል ወገቡ ላይ ነው፤ ሰውመሆን ያምራል ብሎ ሆን ብሎ ነበር እዚያ ያዋለው። ቫርኒሹ ደግሞ አጉልቶ አውጥቶታል። አባቴ ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ጊታር ነው አባባ። ሆዱን… ሆዱን ሣጥን ነው የምንለው። እኔ የገባዎት መስሎኝ…"

"በየት በኩል ነው የምገባው?"

ማናችንም አልሳቅንም። አባቴ አውራ ጣታቸውን አንስተው ጥቁሩ ላይ አሳረፉ። ቫርኒሹ እርጥብ ነበር፤ ሰውመሆን ሊከለክላቸው እጁን ዘረጋ፤ ግን መልሶ ሰበሰበው።

"ከእሷ ጋር ባንድ እንጨት ልተኛ ነበር" አሉ። "ሌላ ምን ጠየቅኋችሁ?"

እኔ አለቀስኩ። ሰውመሆን እግራቸው ላይ ወደቀ። "ተነስ" አሉት፤ አልተነሳም። መላጊያና መሮ የተደረደረበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ።

"የቀረ የለም?"

"ቁርጥራጭ ብቻ ነው አባባ።"

"ይጮሃል?"

"ገና አልደረቀም፤ ክሩም አልገባለት…"

"ይጮህ እንደሁ ነው የጠየቅሁህ።"

ሰውመሆን ተነስቶ በጣቱ መገጣጠሚያ ሆዱን መታው። እንዲያ ካለ ስስ ነገር እንዲያ ያለ ወፍራም ድምፅ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው እስኪጠፋ ጠበቁት።

"ድገመው።"

ደገመው።

"እንግዲህ ሣጥን ነው ብለሃል፤ ሣጥን ይሁን" አሉ። "ስሞት ደረቴ ላይ አድርጋችሁ ቅበሩኝ።"

ሰውመሆን ጊታሩን አየው። ባሌን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ዳግመኛ እንደማይወጣለት ያውቃል። ፊቱ ጠየመ።

"ምነው? ሳሳህለት?"

"አልሳሳሁም አባባ።"

"ማል።"

"ሚካኤልን!" አለ።

"በል እስከዚያው ተጫወትበት። ሥራ ፈቶ የተንጠለጠለ ዕቃ አልወድም።" ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ገበያቸው ሄዱ።

ቫርኒሹ የአባቴን አውራ ጣት እንደያዘ ደረቀ። ዝንብ ብታርፍበት እንኳ ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደገና የሚቀባው ሰውዬ ያንን አልነካውም። ክሩን ሲያስገባም፣ ሲቃኝም ጣቱን ከዚያ ቦታ ያርቃል።

አሁን ሰውመሆን ወፍጮ ከመግባቱ በፊት በየጠዋቱ ቁሐር ሚካኤል ይደውላል። ሌሊቱ በርዶ እንደሆነ፣ ሳሉ ተሽሏቸው እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። ባለፈው ጉንፋን ቢይዛቸው ሥራውን ትቶ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ከተጋባን ጀምሮ ለአባቴ እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም፤ ለሳቸው ይሁን ለጊታሩ ግን አልጠይቀውም።

አባቴ የሚያውቁ ይመስለኛል። ስልኩን ሲያነሱ እንዴት አደሩ እስኪላቸው አይጠብቁም።

"አለሁ፣ አለሁ" ይሉታል። "ተጫወትበት።"