የአሌክሳንድሪያው መስመር

ወይዘሮ እታለማሁ በፈቃዱን መጠርጠር የጀመሩት ንግግራቸው በማኅበሩ ዌብሳይት ላይ አልከፈት ባለ ጊዜ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት ማኅበር በማግሥቱ ሊቀመንበሩን ይመርጣል፤ ዕጩዎቹም ሁለቱ ብቻ ናቸው። የበፈቃዱ ቪዲዮ ጥርት ብሎ ይታያል። የእርሳቸው ግን አንዲት ክብ ምልክት እያሽከረከረ ተመልካቹን ያስቀምጣል። ዌብሳይቱን የሚይዘው ሠረቀብርሃን ሲጠየቅ፣ አዲስ አበባ ሳለ እንደለመደው፣ «ኔትወርክ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። አበሻ ደግሞ «ኔትወርክ ነው» ከተባለ ሌላ ጥያቄ የለውም፤ እንደ ዝናብ ከላይ የመጣ ነገር ይመስለዋል።

እታለማሁ ግን ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። ኔትወርክ ከሆነ ባለቤት አለው፤ በፈቃዱ ደግሞ የሚሠራው አሌክሳንድሪያ፣ ኢንተርኔት በሚያቀርብ ኩባንያ ውስጥ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሻል? መኪናቸውን አስነሥተው ቤቱ ድረስ ሄዱ።

በሩን ከፍቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ «መስመሬን ያነቅኸው አንተ ነህ!» አሉት።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ መጀመሪያ ይግቡ።»

«አልገባም። የኢንተርኔት ገለልተኝነት የሚባል ሕግ አለ፤ አንብቤ ነው የመጣሁት።»

በፈቃዱ ሳቁን ዋጠ። «የፌደራሉን ሕግ ፍርድ ቤት ሽሮታል። ቢኖርም እንኳ የሚያስረው እኛን፣ መስመር አቅራቢዎቹን ነበር፤ ለአንዱ አፍጥነን ሌላውን እንዳናዘገይ።» ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮአቸውን ነካ፤ ክቧ ዞረች። ዋይፋዩን አጥፍቶ በሌላ ኩባንያ መስመር ሞከረ፤ አሁንም ዞረች። የራሱን ሲነካው ወዲያው «የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት» ማለት ጀመረ።

«አዩ? በሁለቱም መስመር እኔ እከፈታለሁ፣ እርስዎ አይከፈቱም። ችግሩ ዌብሳይቱ ላይ ነው።»

«እሱንስ ሕጉ አይዘውም?»

«አይዘውም። የገጹ ጌታ የወደደውን ይሰቅላል፣ ያልወደደውን ያወርዳል።»

ሠረቀብርሃን! እታለማሁ ደማቸው ፈላ። ወዲያው ግን ፊታቸውን ወደ በፈቃዱ መለሱ። «አንተስ ተፎካካሪዬ ሆነህ ይህን ለምን ታሳየኛለህ?»

«በተንኮል ተመረጠ እንዳልባል።»

«ወይስ ሁለታችሁ መክራችሁ፣ ቅን መስለህ ልትታየኝ?»

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ገነት ቢደርሱ በረኛውን መታወቂያ አሳየኝ ይሉታል!»

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ጥርጣሬያቸው ግን እዚያው ነበር። የአሌክሳንድሪያ አባላት የቴሌግራም ግሩፕ በበፈቃዱ እጅ ነው፤ እርሳቸውን አስገብቶ ከስልካቸው የተቀበለውን የንግግራቸውን ቪዲዮ እንዲልክ ፈቀዱለት፤ እስኪልከው ድረስም ከአውራ ጣቱ ላይ ዐይናቸውን አልነቀሉም። ብዙ ሳይቆይ ብሥራት የምትባል አባል ጻፈች፦ «እትዬ፣ ከተመረጡ ዌብሳይቱን ማን ይይዘዋል?»

እታለማሁ «እኔ ራሴ» ብለው ጻፉ። ከመላካቸው በፊት ደግመው አነበቡት፤ ሌላ ሠረቀብርሃን የሆኑ መሰላቸው። አጠፉትና በምትኩ፣ «ሁለት ሰዎች፤ አንደኛው እኔን ያልመረጠ ይሁን» ብለው ላኩ።

በፈቃዱ ከትከሻቸው በላይ አንብቦ፣ «ያልመረጠዎትማ እኔ አለሁልዎ» አለ።

እታለማሁ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።