ቀይ የተቀባው ግራር

ናፍጣ የሚሸት ወተት ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? አይድረስባችሁ። እኔ አንድ ጉንጭ ቀምሼ ስንት ጊዜ ብጉመጠመጥ ከምላሴ አልወጣ ብሎኛል። ያውም ለወተት ነፍሴን የምሰጥ ሴት ነኝ፤ ጅጅጋ ተመድቤ ስመጣ ከተማዋን ያስወደደኝ የግመል ወተቷ ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ግጦሽ እናሻሽላለን በሚል መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ማሻሻሉ ምን መሰላችሁ? ከከተማው ውጭ ያለውን ግራር በመድኃኒት መግደል። ሠራተኞቹ መድኃኒቱን በናፍጣ ይበጠብጡና የግንዱን ቅርፊት ዙሪያውን ይረጩታል፤ የተረጨው እንዲታወቅም ቀይ ቀለም ያስነኩታል። ዛፉ እንደቆመ ይደርቃል። አለቃችን ጓድ የጌታሁን የፓርቲ አባል ነው። ረቡዕና ዓርብ ሆን ብሎ ቢሮው ድረስ ጥብስ እያስመጣ፣ እኛን ጿሚዎቹን «ገና አልነቃችሁም!» እያለ ያበሽቀናል።

ወተት የምገዛው ከኤዶ ሻሚስ ነበር። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። የልጅ ልጇን የሁለት ዓመቷን ኩልሱምን የምታሳድጋት እሷ ናት፤ እናትየው አይሻ ለንግድ ሄዳለች። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ወተቷን ብቀምሰው፣ ናፍጣ! እዚያው ተፋሁት። ተፍቼ ብተወው ምን ነበረበት? አፌን ሞልቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በጋዝ ጄሪካን ውሃ እየቀዳሽ ወተት ታቀጥኛለሽ? አታፍሪም?» አልኳት። ሌሎቹ ገዢዎች የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ ታውቃለች ብለው እኔን አመኑ። ወሬው የደረሰው ቀበሌም ሰኞ ዕለት እኔን ከሳሽ አድርጎ እሷን ረቡዕ እንድትቀርብ አዘዛት። ከተፈረደባት ከገበያው መባረሯ ነው።

ማክሰኞ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አባዮ፣ ነይ። ቤቴን እይ። ጋዝ የለም» ብላ እጄን ያዘችኝ። አባዮ እኅቴ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ስድብ በኋላ እኅቴ!

እውነቷን ነው፤ ጋዝም ጄሪካንም ቤቷ የለም። የወተት ዕቃዋን እንዴት እንደምታጥን አሳየችኝ። ከክምሩ አንድ ፍልጥ መዘዘች፣ አቀጣጠለችና ፍሙን ዕቃው ውስጥ ከታ እየነቀነቀች ከደነችው። አገሩ ሁሉ ወተት እንዳይበላሽበት እንዲህ ያጥናል። ጭሱ ሲወጣ ግን ሽታውን ለየሁት፤ የገዛ ግምጃ ቤቴ ሽታ ነው። ፍልጡን አንሥቼ ባየው ቅርፊቱ ላይ ቀይ ቀለም አለ። ክምሩን ባየው ሁሉም ቀይ ቀይ ነው።

«ጥሩ እንጨት ነው፣ ደረቅ» አለችኝ ደስ ብሏት። «መንግሥት አደረቀልን።» ኩልሱም ጭሱ አጠገብ ቁጭ ብላ በቆርቆሮ ኩባያ ወተቷን ትጠጣለች።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ለስድብ እንደዚያ የተከፈተ አፌ ለእውነቱ ጊዜ ተለጎመ። እንጀራዬ አሳሳኝና መጀመሪያ አለቃዬን ልጠይቅ ብዬ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ራሴን እጸየፈዋለሁ።

ጄሪካኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ በመዝገበ ቃላት ፈትቼ ለጓድ የጌታሁን አነበብኩለት። የተረጨ እንጨት አይማገድም ይላል፣ ከብት አይጋጥበትም ይላል፣ መድኃኒቱ አፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቆያል ይላል። ሳቀብኝ። «ለእንጨት ነው እንጂ ለሰው አይደለም። ደግሞስ ዝናብ ሲመጣ አጥቦት ይሄዳል» አለ።

«ወዴት ነው የሚሄደው? ሰው ወደሚጠጣው ኩሬ አይደለም እንዴ?» ስለው ፊቱ ተለወጠ።

«ነገ ቀበሌ ፊት አፍሽን ከከፈትሽ ሥራሽን እርሺው።»

ረቡዕ አዳራሹ ጢም ብሏል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ቀናው «ከሳሽ!» ብሎ አስነሣኝ። ጓድ የጌታሁን ከፊት ተቀምጦ ያፈጥብኛል።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ወተቱን ያበላሸነው እኛ ነን። እኛ የመረዝነውን ግራር አንድዳ ነው ዕቃዋን ያጠነችው።»

ጓድ የጌታሁን ብድግ አለና ስለ ልማት፣ ስለ አሉባልተኞች ደሰኮረ። «መድኃኒቱ ሰው አይነካም!» ብሎ ጨረሰ። ለማስረጃ ከመጣው ወተት አንድ ኩባያ ቀድቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። «እንግዲያውስ ይጠጡልን» አልኩት። ከፊት የተቀመጡት አፍንጫቸውን ያዙ።

ለኤዶ ሻሚስ አማርኛችን ፈጥኖባታል። እሷ ያየችው ሰው ወተቷን ሲጸየፍባት ነው። ተነሥታ ኩባያውን ከፊቱ አነሣችና ጭልጥ አደረገችው። አፏን በሻሿ ጠርጋ ሁላችንንም አየችን፤ ንጹሕ ነኝ ማለቷ ነው።

ጓድ የጌታሁን አጨበጨበ። አዎ፣ አጨበጨበ! «አያችሁ? ጠጣች! ምን ሆነች?» እያለ።

አቅለሸለሸኝ፤ ከወተቱ ይልቅ ሰውየው አቅለሸለሸኝ። ኩባያውን ወስጄ እንደገና ሞላሁትና አፍንጫው ሥር ደቀንኩት። «እሷ ጠጥታለች። ተራው የእርስዎ ነው።»

ኩባያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጓድ ቀናውን አየ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለ። «ጾም ነኝ።»

ኤዶ ሻሚስ አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ፣ አቶ ዒጋልን፣ ምን አለ ብላ ጠየቀች። እሳቸውም የእንጨቱንም፣ የቀዩን ቀለምም፣ የጾሙንም በሶማሊኛ ነገሯት። ፊቷ አመድ መሰለ። ጓድ የጌታሁንን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«አባዮ፣ ትናንት ቤቴ ስትመጪ አውቀሻል?»

«አውቄያለሁ» አልኳት።

«ኩልሱም ዛሬ ጠዋት ጠጥታለች» አለችኝ።