በእርምጃ የሚሄድ መኪና

ሃያ ዓመት ያልፈዋል። ከእማማ ፑሪታ ቫን ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ዘይት ሳፈስ፣ ባልና ሚስቱ አጠገቤ ቆመው ሲነታረኩ ሰማሁ። ዛሬ ግማሹ ጠፍቶኛል።

«ያንተ ቀይዋ መኪና ሁለት ሰው ይዛ ትበራለች» አሉ እማማ ፑሪታ። «ይሄኛው ዘጠኝ ሰው ከነሩዙ ከነዶሮው ተሸክሞ ይታገሳል።»

«ይሄማ ጋሪ ነው!» ባላቸው ጋሽ ክሪስፒን ሳቁ። «ስሞት በቀይዋ ሸኙኝ። ኔስቶር ይንዳት።»

እማማ ምን እንደመለሱላቸው ነው የጠፋኝ። መሳሳቃቸውን ግን አስታውሳለሁ።

ጋሽ ክሪስፒን ባለፈው የጾም ወራት አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። በቀብሩ ጠዋት ልጃቸው ኔስቶር ቀይዋን ባለ ሁለት ወንበር የጥንት ስፖርት መኪና እስክታብለጨልጭ ወልውሎ ጠበቀኝ። በከተማችን በሉክባን ሰው ከቤተ ክርስቲያን እስከ መቃብር አስከሬኑን በእግሩ ይከተላል፤ መራመድ የማይችል ብቻ ከኋላው በመኪና ይሄዳል። የእማማ ፑሪታ ቀኝ እግር ደግሞ አምና በስኳር ተቆርጧል።

«እማዬን በቀይዋ እወስዳታለሁ፤ የአባዬ ቃል ነው» አለ።

«አርባ ደቂቃ በእርምጃ?» አልኩት። «ንፋስ ካላገኘች ትፈላለች፣ ልጄ። እሷ ስትሮጥ ነው የምትቀዘቅዘው።»

«ዕድሜ ልክህን ስትጠግናት ኖረህ ዛሬ ታማታለህ፣ ጋሼ ሩፎ?»

«ስለጠገንኳት እኮ ነው።»

ሐዘንተኛን አይከራከሩትም፤ በሩን ከፈትኩለት። እናቱን አቅፎ ሊያስገባቸው ጎንበስ አለ። ወንበሯ መሬት ላይ እንደተነጠፈ ሰሌን ዝቅ ያለች ናት፤ የተቆረጠው እግራቸው ከበሩ ጋር ተጋጨ። ከንፈራቸውን ነክሰው ገቡ። እኔ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ።

ለሙከራ ሰፈሩን በዝግታ ዞሩት። ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርሱ ከኮፈኑ እንፋሎት ተነሳ።

«ኧረ ከክሪስፒን ቀድማ ልታርግ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታቸው። ከእማማ በቀር ማንም አልሳቀም።

ኔስቶር መሪው ላይ ተደፋ። «ቃሉስ፣ እማዬ?»

«ቃሉንማ ሲናገር ነበርኩ። ‹እኔስ በምን ልሄድ?› ስለው፣ ‹አንቺማ ቀድመሽኝ ትሮጫለሽ› አለኝ። ተሳሳቅን። ያኔ ሁለት እግር ነበረኝ።» በጣታቸው ወደ ቫናቸው ጠቆሙ። «በጋሪው ውሰደኝ። የጎን በሩ ይከፈት፤ ሰው አብሮኝ እየተራመደ እጄን ይያዘኝ።»

ኔስቶር ቀና ብሎ ቫኑን አየው። ቀለሙ ተልጧል፤ የኋላ መከላከያውን በሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ። በመቃብሩ መንገድ ስንት የጎረቤት አሮጊት ይዞ አዝግሟል!

የቀይዋን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረልኝ።

«ጋሼ፣ በስንተኛ ማርሽ ይሁን?»

«በአንደኛ። ነዳጅ መስጫውን አትርገጥ፤ እሱ ራሱ ይሄዳል።»

«እሺ» አለ። «በሩን ከፍቼ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ እኔው እነዳዋለሁ።»