ውሃ የማይደርስበት ጉብታ

በእኛ አገር ውሃ የማይደርስበት መሬት አንድ ብቻ ነው፤ ያ ረዥም የአሸዋ ጉብታ። የሜኮንግ ወንዝ ሲሞላ ከሥሩ ያለው ሜዳ ሁሉ ባሕር ይሆናል። ስለዚህ አያቶቻችን ቤታቸውን ጉብታው ላይ ሠሩ፣ ሩዛቸውን ከታች ዘሩ፣ ሙታናቸውን ደግሞ በጉብታው ጫፍ ቀበሩ።

አገራችንን ከያዙት ፈረንሳዮች አንዱ የእርሻ መሬት ሊመርጥ የመጣው በበጋ ነበር። በበጋ ሁሉም ደረቅ ነው፤ ቢተዉት ኖሮ ተሳስቶ ረግረጉን ይዞ ይቀር ነበር። የአክስቴን ልጅ ቱክን ግን አላስቻለውም። ፈረንሳይኛ ስለሚሞካክር ይተረጉምለት ነበርና በዛፎቹ ግንድ ላይ የቀረውን የጭቃ ምልክት እየጠቆመ ውሃው እስከየት እንደሚወጣ አሳየው። ጉብታው ታጠረ፣ ፈረንሳዊው ከፈረሶቹ ጋር ሰፈረበት፣ ቱክ የእርሻው አለቃ ሆነ፣ እኛ አዲስ በተቆፈረው ቦይ ዳር ጭቃ ላይ ተደረደርን። ከዚያ ወዲህ ከእኛ መሃል ከአጥሩ ያለፈ ሰው የለም። ቱክን ደግሞ ጡቷን አጥብታ ያሳደገችው የእኔ እናት ናት።

እናቴ የሞተችው ሜዳው ሞልቶ ሳለ ነው። የለመነችኝ አንድ ነገር ነበር፤ ጉብታው ላይ ከአባቴ ጎን መቀበር። ጀልባዬን ቀዝፌ ቱክ ዘንድ ሄድኩ። አጥሩ በር ላይ ባለው ቤቱ በረንዳ ተቀምጦ ጥርሱን ይጎረጉራል።

"ቱክ፣ እማዬ አረፈች። ከአባዬ ጎን ላስቀምጣት ነው።"

"እኔን ይድፋኝ፣ አክስቴን! ግን ዲየን፣ አሁን አይሆንም። ጌታዬ ሬሳ ካየ እህል አይወርድለትም።"

"በፈረስ ፋንድያ መሃል ሲቀመጥስ ይወርድለታል?"

"ምላስህን ሰብሰብ አድርግ። እንደ ሰዉ ስቀላት። ውሃው ሲጎድል አስፈቅድልሃለሁ።"

ሰቀልናት። በጎርፍ ወቅት የሞተ ሰው እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ አጣና አጣምረው ውሃው ውስጥ ይተክላሉ፣ ሳጥኑን ከላዩ ያስራሉ፣ መሬት እስኪገለጥ ይጠብቃሉ። ጠዋት በሬን ስከፍት የማያት እሷን ነው። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ሚስቴ አፍንጫዋን ይዛ ታለቅሳለች። ከሳጥኑ ሥር ዳክዬዎች ይለቃቅማሉ። ቱክ ለለቅሶ ብሎ የላከልን ደግሞ የተጠበሰ ዳክዬ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ።

ውሃው ጎደለና ቱክ ቃሉን ጠበቀ። ሳጥኑን ተሸክመን ወደ ጉብታው ወጣን። ከፈረስ ጋጣው ጀርባ፣ ከፋንድያ ክምሩ አጠገብ አንድ ቦታ አሳየኝ።

"አባዬስ የታለ?"

ጫማውን ማየት ጀመረ። "ለጋጣው ተብሎ የጉብታው ጫፍ ከነመቃብሩ ተቆርጦ ተደለደለ። አፈሩን ግን አልጣልነውም። ዓምና ደጃፍህ ሲናድ በጀልባ የላክሁልህ አፈር ትዝ አይልህም?"

ትዝ ይለኛል። አመስግኜውም ነበር። እኔና ሚስቴ እንዲጠብቅ ብለን ቀኑን ሙሉ በእግራችን ስንረግጠው ነበር የዋልነው።

"ስለዚህ አባትህ እናንተው ዘንድ ነው። ምን ጎደለህ?" አለኝ። ማጽናናቱ ነው እኮ!

ከዚያ ሳጥኑን እንደገና ተሸከምነውና ወደ ቦዩ ወረድን። እናቴን ደጃፌ ላይ፣ እዚያ አፈር ውስጥ ቀበርኳት። በልመናዋ መሠረት ከአባቴ ጋር ናት። ከቦዩ ወዲህ ያለን ጭቃ ያልሆነ መሬት ያ ደጃፍ ብቻ ስለሆነ፣ ስንገባም ስንወጣም ሁለቱን እንረግጣቸዋለን።